ክሩ ሳይላላ የተቆለፈ ክፍል

ለወረዳችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለወረዳችን የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት
ለወጣት ማዕከላችን አስተዳደር
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የወጣት ማዕከሉ የሙዚቃ ክፍል ዳግም እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የወረዳችን የሥራ ኃላፊዎች፣

እዚሁ አዲስ አበባ፣ በዚሁ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ የማስተምር መምህርት ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ከሥራ መልስ በወጣት ማዕከላችን በበጎ ፈቃድ ክራርና ድምፅ ሳሠለጥን ቆይቻለሁ። ባለፈው ሐምሌ የሙዚቃ ክፍሉ እንዲዘጋ፣ አዳራሹም ለኪራይ እንዲውል ወሰናችሁ። በቃል ስጠይቅ ጉዳዩ ከበላይ እንደመጣ ተነገረኝ። ማመልከቻ አስገባሁ፤ መልስ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ቢሮ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናችሁ ተባልኩ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። አራት ወር ሙሉ ለልጆቹ የምነግራቸው ነገር ስላጣሁ ግን ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድኩ።

ክፍሉ የተዘጋ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንደወትሮዬ ስደርስ ልጆቹ ዝናብ እየመታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ገብቶበታል፤ ከቁልፉ ከፍ ብሎ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጥፏል። የጮኸ የለም፤ በሩን የደበደበም የለም። በመስኮቱ ፍርግርግ እያጮለቁ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ የ15 ዓመት ልጅ፣ ወደ እኔ ዞሮ፦ «ቲቸር፣ ክሩን ሳናላላው እኮ ነው የተቆለፈበት» አለኝ።

ክራር ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ክሩ መላላት አለበት። እንደተወጠረ ከተተወ እንጨቱን ይጎትተዋል፤ ቆዳውም ይደክማል። ለዕረፍት በተለያየን ቁጥር ሁላችንም ተቀምጠን ክር እናላላ ነበር። ያ ልጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ስለራሱ አላሰበም፤ ያሰበው ውስጥ ስለቀሩት ክራሮች ነው።

ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። ምናልባት ታክሲውም ላይ ተሳፍራችሁ ታውቁ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ከሰዓት ይማራል። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት መጀመሪያ ሳየው ከጓደኞቹ ጋር የማዕከሉ አጥር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እጅጌው ውስጥ የማስቲሽ ጠርሙስ አለ። ሽታው ከሩቅ ይታወቃል። ምንም አልጠየቅሁትም። አንድ ክራር ሰጠሁትና የመጀመሪያውን ክር የእኔን እስኪመስል አጥብቀው፣ አላላው አልኩት። 40 ደቂቃ ፈጀበት። ሲያጠብቀው ያልፈዋል፤ ሲያላላው ይወርድበታል፤ ጆሮውን ቆዳው ላይ ለጥፎ እንደገና ይሞክራል። በመጨረሻ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሲሆኑ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጠርሙሱ ትዝ አላለውም። በማግሥቱ ሲመጣ ጠርሙሱን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ገባ። ሲወጣ ይዞት ሄደ። ለብዙ ሳምንታት እንደዚያ አደረገ። አንድ ቀን ረስቶት ሄደ። እኔ አንስቼ ጣልኩት፤ እሱም በማግሥቱ አልጠየቀኝም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ከትምህርት ቤት ደወል እስከ ምሽት ያለችው ሁለት ሰዓት ለዚህ ሰፈር ልጆች ከቀኑ ሁሉ ከባዷ ናት። እናት ገና ከጉልት አልተመለሰችም፤ አባት፣ ካለ፣ ሥራ ላይ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ብቻውን ገብቶ የሚቀመጥበት ልጅ የለም። ክፍሉን መቆለፍ ትችላላችሁ፤ ያቺን ሰዓት ግን መቆለፍ አይቻልም። ልጆቹ የሆነ ቦታ ያሳልፏታል። ከማዕከሉ በር እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ርቀት በእግሬ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ፦ ሁለት ከረንቡላ ቤት፣ ሦስት ቤቲንግ ቤት፣ ከነመቃሚያው አንድ ጫት ቤት አለ። የእነዚህ ሁሉ በር እስከ ምሽት ክፍት ነው። ልጁን ማንም መታወቂያ አይጠይቀውም፤ በስንተኛ ክፍል ነህ የሚለውም የለም።

ክፍሉ ሲዘጋ መዝገቤ ላይ 34 ልጆች ነበሩ። አሁን አሥራ አንዱን ቤቴ ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ከምናሰጣበት ሥር፣ እሑድ እሑድ አስተምራለሁ። ከቀሩት ውስጥ ሁለቱ ትምህርት ማቋረጣቸውን ሰምቻለሁ። አንዱ በድብድብ ተይዞ ለቀናት ፖሊስ ጣቢያ ሰንብቶ ወጥቷል። የሌሎቹን አላውቅም። ይህ ሁሉ የሆነው ክፍሉ ስለተዘጋ ነው ብዬ አልከራከርም፤ የልጅ ችግር ሥሩ ብዙ ነው። ነገር ግን ቀድሞ አንድ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ እናውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጓደኞቹ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ካላገኙት እኔ እሄዳለሁ። ታሞ ከሆነ እንጠይቀዋለን፤ እናቱ ታስራ ከሆነ፣ የቤት ኪራይ አልቆ ተባረው ከሆነ፣ እንሰማለን። ከክራሩ ትምህርት በላይ ለልጆቹ የጠቀማቸው ይህ ይመስለኛል፦ ሲቀሩ የሚጠይቃቸው ሰው መኖሩ። አሁን ቢቀሩ የሚቀሩበት ቦታ እንኳ የላቸውም።

በማስታወቂያው ላይ ለውሳኔው አራት ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። አንድ በአንድ በቅንነት ልመልስ።

የመጀመሪያው ገቢ ነው። አዳራሹ ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለስብሰባ ሲከራይ ማዕከሉ የመብራትና የጥበቃ ወጪውን ይሸፍናል። ይህን አልቃወምም። ግን ሰርጉም ምርቃቱም በአብዛኛው የሚውለው ቅዳሜና እሑድ ነው። እኛ የምንጠቀመው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነበር። ባለፉት አራት ወራት በነዚህ ቀናት በደጁ ሳልፍ አዳራሹን ብዙውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የማገኘው። ለገቢ ተብሎ ከልጆቹ የተወሰደው ሰዓት ለገቢም አልዋለም።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። በዚህ ጥፋት እንዳለብን አምናለሁ። ድራም ስንጀምር ጎረቤት አላማከርንም። ከግንቡ ወዲያ የሚኖሩ አንዲት እናት በሕመም አልጋ ላይ በነበሩበት ጊዜ እንኳ ስንመታ ነበር። ሲነግሩኝ አፈርኩ፤ ልጆቹን ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያ በኋላ ድራም ረቡዕ ብቻ፣ ከ11 ሰዓት በፊት እንዲሆን ተስማምተን እስከ መጨረሻው ቀን ጠብቀነዋል። የእሳቸው ቅሬታ ስለ ድራሙ ነበር። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ግን መስኮት ከተዘጋ ግቢ አያልፉም።

ሦስተኛው ንብረት መጥፋቱ ነው። አዎ፣ አንድ ማይክ ጠፍቶ ነበር። የወሰደው ከልጆቹ አንዱ ነው። ማን እንደሆነ ሁላችንም በሁለተኛው ቀን ገምተናል፤ እሱም መምጣት አቆመ። ያን ጊዜ ለፖሊስ ማመልከት እችል ነበር። ልጆቹ ግን ትንሽ እንድንጠብቅ ለመኑኝ። በልምምዱ ሰዓት የእሱን ቦታ ሳይሞሉ ክፍት ትተው ይጫወቱ ነበር፤ የእሱ ድርሻ ሲደርስ አራት ምት ዝም ብለው ያሳልፉታል። ይህን አንዱ ሄዶ ነገረው። በሦስተኛው ሳምንት ማይኩን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ምናለሽ ተራ ሸጦት ኖሮ፣ ከሸጠበት በላይ ከፍሎ መልሶ ገዝቶታል፤ ገንዘቡን ያገኘው ኮብልስቶን ተሸክሞ ነው። መዝገባችሁ ላይ «ጠፍቷል» ተብሎ የተጻፈው ማይክ ዛሬ በተቆለፈው ክፍል ውስጥ፣ በግራ በኩል ካለው ሳጥን ውስጥ ይገኛል። ቆጠራ ቢደረግ ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ያ ልጅ ካደረገው መጥፎ ነገር ይልቅ የመለሰበት መንገድ እንዲታይለት እለምናለሁ።

አራተኛው «የተጠቃሚው ቁጥር አነስተኛ ነው፣ የታየ ውጤትም የለም» የሚለው ነው። እውነት ለመናገር ከሁሉም ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

አገራችን የማርሽ ባንዷን ታሪክ ስትናገር አርባ ልጆችን ታነሳለች። በዘመኑ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ የሙዚቃ ጓድ የነበራቸውን፣ ወላጆቻቸው በአርመን ጭፍጨፋ ያለቁባቸውን ወላጅ አልባ ልጆች ሰሙ። አስፈቅደው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ልጆቹም በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በጳጉሜን ገቡ። አርባ ነበሩ፤ ከእኛ መዝገብ በስድስት ቢበልጡ ነው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤት፣ በቲያትር ቤትና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ትውልድ ሙሉ ሙዚቀኛ አስተማሩ። እነዚያ ልጆች ሲመጡ ቤትም፣ መምህርም፣ ደመወዝም ተመድቦላቸው ነበር። ቁጥራቸው ማነሱን የተመለከተ ሰው ቢወስን ኖሮ ባዕድ ከተማ ውስጥ የሚንከራተቱ ወላጅ አልባዎች ሆነው ይቀሩ ነበር።

ከሌላ አገር አንድ ልጨምር። ቬኔዝዌላዊው ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 ካራካስ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የመጀመሪያውን ልምምድ ሲጠሩ የመጡት 11 ወጣቶች ብቻ ነበሩ። አብሬው ሥራውን አልተዉትም፤ «ኤል ሲስተማ» የሚባለው፣ የድሃ ሰፈር ልጆችን በኦርኬስትራ የሚያሳድገው ሥርዓት ከዚያ ተነሥቶ አገር አዳረሰ። እኛ 34 ነበርን።

ስለ ውጤትም ልናገር። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ ይጠርግ ነበር። አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ዘፋኞች በቀሩበት ምሽት መድረክ ላይ እንዲወጣ ተፈቀደለት። ድምፁ የራሱ ነው፤ በሩን የከፈቱለት ግን ሰዎች ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም እዚሁ ከተማችን ውስጥ የጎዳና ልጆችን ሰብስበው ዳንስ አሠልጥነው በትልቅ መድረክ አሳዩ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ከልጆቹ መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በዓለም መድረክ የሚታወቁ ዳንሰኞች ሆኑ። ይህ ግን በአንድ ዓመት አልመጣም። እነዚያ ልጆች ለዓመታት ያልተቋረጠ ሥልጠና አግኝተዋል፤ በየዓመቱ «ውጤት አሳዩ» ተብለው ቢዘጋባቸው ኖሮ ማናችንም ስማቸውን አንሰማም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ ሙዚቀኛ አይሆኑም። አንዷ ያሬድ ገብታለች፤ እኮራባታለሁ። አንዱ ግን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኗል፤ በእሱም እኩል እኮራለሁ። ሞተር ሲያንኳኳ ከየት በኩል እንደሆነ ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚለይ አለቃው ነግሮኛል። ማዳመጥ የተማረው ከክራር ነው።

ስለ ሴት ልጆቹ ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ማስታወቂያው አላነሳቸውምና። ከ34ቱ ዘጠኙ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ከወሎ መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ማታ ትማራለች። አሠሪዋ ደግ ሴት ናቸውና በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ሰዓት ይለቋታል። መጀመሪያ ቀን የምታውቀውን ዜማ አንጎራጉሪ አልኳት፤ ወለሉን እያየች አንጎራጎረች። ክራሩን በባቲ ቃኝቼ ከሥር ተከተልኳት። ደንግጣ አቆመችና «እንዴት አወቅሽው?» አለችኝ። የእሷ ዜማ ስም እንዳለው አታውቅም ነበር። ባቲ የአገሯ የከተማ ስም ብቻ ይመስላት ነበር፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ እንደሆነ፣ አምባሰልም የዚያው የወሎ ስም እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሌሎቹ ልጆች ባቲን የምታስተምረው እሷ ነበረች። ቀኑን ሙሉ «አንቺ» ተብላ የምትታዘዝ ልጅ በሳምንት ሁለት ሰዓት አስተማሪ ነበረች። አሁን በመንገድ ሳገኛት «መቼ ነው የሚከፈተው?» ትለኛለች። እኔም ለእናንተ የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው።

እኔ ራሴ የተማርኩት በዚህ ወረዳ ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው። የምንዘምረው የታዘዝነውን ነበር፤ ያ ዘመን ይመለስ የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ቀበሌው ክራርና ከበሮ ነበረው፤ ከትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቁን አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝም ነበሩ። እኔ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤቴ ውስጥ የነበረውን ችግር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን ዘወትር በሰዓታቸው ይገኙ ነበር። ዛሬ መምህርት የሆንኩት በዚያ ምክንያት ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፤ የዚህ ሰፈር የ14 ዓመት ልጅ ግን ዛሬም በሰዓቱ የሚገኝለት ሰው ይፈልጋል።

ትምህርት ቤት ይህን ይሸፍናል እንዳይባል፣ እዚያም ያለሁት እኔ ነኝ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት መኖሩ መልካም ነው። እኔ ግን ከስድሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ያለ አንድ መሣሪያ፣ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክራር ሥዬ ነው የማስተምረው። በማዕከሉ ግን ልጁ እውነተኛውን ክራር ይይዛል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ቅርስን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ሥነ ጥበብንና ስፖርትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። በማዕከላችን የጠረጴዛ ቴኒሱና ጆተኒው እንዳለ መቀጠሉ ደስ ይለኛል፤ በከተማችን ለልጆች የተሠሩት አዳዲስ የኳስ ሜዳዎችም ያስመሰግናሉ። ኳስ የማይሆንለት ልጅ ግን አለ። ለእሱ የነበረው ይህ አንድ ክፍል ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. የሙዚቃ ክፍሉ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት እንዲከፈት። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ አዳራሹ ለኪራይ ይዋል፤ በነዚያ ቀናት መሣሪያዎቹን አንድ ጥግ ሰብስበን ሸፍነን እንወጣለን።

2. ከጽሕፈት ቤቱ፣ ከወላጆችና ከአሠልጣኞች የተውጣጣ ኮሚቴ የመሣሪያዎቹን ቆጠራ እንዲያደርግ። ዕቃውን በሞዴል 22 ፈርሜ ለመረከብ ዝግጁ ነኝ፤ የሚጠፋ ነገር ቢኖር የምጠየቀው እኔ ልሁን።

3. የድምፁ ጉዳይ በጽሑፍ ስምምነት እንዲታሰር። ድራም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ከጎረቤት ጋር በተወሰነ ሰዓት ይሁን።

4. ቢያንስ አንድ ቋሚ አሠልጣኝ በማዕከሉ የሥራ መዋቅር ውስጥ እንዲታሰብ። እስከዚያው የያሬድ ተማሪዎች በማዕከሉ የልምምድ ትምህርት እንዲሰጡ ደብዳቤ እንዲጻፍልን። እኔ ታምሜ ብቀር ልጆቹ አብረውኝ መቅረት የለባቸውም።

5. አንድ ልጅ ቤቱ ሲደበደብ ወይም ከቤት ሲባረር የምደውልለት አንድ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እንዲመደብልን። እኔ ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ ሁሉን ነገር ግን ብቻዬን አልችልም።

6. ለሴት ልጆች ሳይመሽ የሚያልቅ የተለየ ሰዓት፣ ከማዕከሉ በር እስከ ዋናው መንገድም መብራት እንዲኖር።

7. እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ከወላጆችና ከልጆቹ ጋር የምንነጋገርበት አንድ ስብሰባ እንዲጠራ። ውሳኔው ባይለወጥ እንኳ ምክንያቱን ከእናንተ አንደበት፣ ልጆቹ በተገኙበት እንስማ። ልጆቹ መልስ እንደሚገባቸው ቢያውቁ ነገ በሕግና በሥርዓት የሚጠይቁ ዜጎች ይሆናሉ።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ወጪ የሌለው፣ ስብሰባም የማይጠይቅ አንድ ልመና አለኝ። በሩ ለ30 ደቂቃ ይከፈትልን። አንድ ጥበቃ ቆሞ ይጠብቀን። ስለ ክሩ የነገረኝን ያንን ልጅና ሌሎች ሁለት ልጆችን ይዤ እገባለሁ፤ ውስጥ ያሉትን የአሥራ አንድ ክራሮች ክር እናላላለን፤ የማሲንቆዎቹን ቆዳ ከመስኮቱ ፀሐይ እናርቃለን፤ ከኪቦርዱ ባትሪዎቹን እናወጣለን፤ ዋሽንቶቹን በጨርቅ እንጠቀልላለን። ከዚያ ራሳችሁ ትቆልፉታላችሁ። የማዕከሉ ንብረት፣ የሕዝብ ንብረት ነውና መጠበቁ ለሁላችንም ይጠቅማል። ልጁም ለአራት ወር ሲያስብበት የቆየው ጉዳይ ይቀለዋል። እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር «ቲቸር፣ ክሩ?» ሳይለኝ አያልፍም።

ይህን ጥያቄ በቅን ልቦና ተመልክታችሁ መልስ እንደምትሰጡኝ በመተማመን፣ በማንኛውም የሥራ ሰዓት ስትጠሩኝ ለመቅረብ ዝግጁ መሆኔን አሳውቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በማዕከሉ የሙዚቃ ክፍል የበጎ ፈቃድ አሠልጣኝ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሙዚቃ ክፍሉ ሠልጣኞች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ለሰፈራችን ነዋሪዎች